የጡት ወንድሜ የርክክብ ደንብ

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ የባቡር ሠራተኞች ከኖሩባቸው አሮጌ ቤቶች በአንዱ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንሠራው፤ እኔና የጡት ወንድሜ። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሱ ባለትዳርና የልጆች አባት፣ እኔ ካልሆነልኝ ትዳር በጊዜ የወጣሁ። ሌላ ወንድ ቢሆን ኖሮ በር ዘግተን ስንውል ሰፈሩ አንድ ሳምንት አይታገሠንም ነበር። ነገር ግን እሱ በተወለደ ጊዜ እናቱ ታማ ሆስፒታል ስትቆይ፣ በአንድ ግቢ ተከራይታ የምትኖረው እናቴ እኔን በአንድ ጡቷ፣ እሱን በሌላው ይዛ አጥብታናለች። በእነሱ ሃይማኖት ከአንድ እናት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም፣ አብረው ቢቀመጡም ነውር የለበትም። በእኛም ወገን የጡት ልጅ ማለት ልጅ ነው። አንድ ቀን አጎቱ ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ መጥተው በሩን ሲከፍቱ ሁለታችን ብቻ ስክሪን ላይ አፍጥጠን አገኙንና ፊታቸው ጠቆረ። እሱ ዞር እንኳ ሳይል «እናቷ አጥብታኛለች እኮ» አላቸው። «ሀዬ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ስለ ፍየል ሆነ።

ሥራችን ለማስረዳት ያስቸግራል። እናቴ ስትጠየቅ «ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ያነጋግራሉ» ትላለች፤ እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ ለትልልቅ ሰርቨሮች የሚሆን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሠራል፤ እኛ ከድሬ ሆነን የዚያን አንድ ጥግ ይዘናል። ኮምፒውተር ከሌላው ጋር ሲነጋገር ንግግሩን የሚከታተለው ሲስተሙ ነው፤ የቱ ተላከ፣ የቱ ደረሰ፣ የቱ ጠፍቶ እንደገና ይላክ። ንግግሩ ሲበዛ ዋናው ፕሮሰሰር በዚህ ብቻ ይደክማል። ስለዚህ አዳዲሶቹ የኔትወርክ ካርዶች የራሳቸውን አንጎል ይዘው መጡና «ግንኙነቱን እንዳለ ለእኛ ስጡን፣ እኛ እንሸከመዋለን» አሉ። የእኛ ድርሻ ሲስተሙና ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የሚስማሙበትን ደንብ መንደፍ ነበር፤ ግንኙነት እንዴት ይሰጣል፣ ከተሰጠ በኋላ እንዴት ይጠየቃል፣ ሲያስፈልግ እንዴት ይመለሳል። ሲስተሙ የእያንዳንዱን ካርድ አመል አያውቅም፤ የሚያውቀው ደንቡን ብቻ ነው።

ከባዱ መስጠቱ ነው። ግንኙነት ሕይወት አለው፤ ልስጥህ ሲሉት ቆሞ አይጠብቅም። እየተሰጠ ሳለ፣ ገና አንዱ ሳይለቅ ሌላው ሳይዝ፣ መሀል ላይ መልእክት ይመጣል። የማን ነው? የሰጪው ወይስ የተቀባዩ? በዚህች በአንዲት ጥያቄ ስንት ጊዜ ተኳርፈናል። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ እሱ ደግሞ በዝግታ ነው የሚያናድደው። ስጮህበት ጣሪያውን እያየ ይጠብቀኝና «ጨረስሽ? እሺ አሁን ከመጀመሪያው» ይላል።

ድሬ ላይ አለቃው ሙቀቱ ነው። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ እንገባለን። ቀትር ላይ ከተማው ሲዘጋ እኛም ኮምፒውተሩን ዘግተን፣ እሱ ጫቱን እኔ ሻዬን ይዘን ፍራሽ ላይ እንቀመጣለን፤ ክርክሩ የሚጦፈው ያኔ ነው። ምርቃና ሲይዘው የማይነድፈው ነገር የለም፤ ጂቡቲን ከጨረቃ ያገናኛል። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። በበርጫ የተወለደ ሐሳብ ጠዋት በባዶ ሆድ ሳይፈተሽ ኮድ ውስጥ አይገባም። ብዙዎቹ ጠዋት ላይ ስናያቸው ያሳፍሩን ነበር። አንዱ ግን ጠዋትም ቆሞ ተገኘ፤ እሱም ሳይረከቡ ተረክቤያለሁ ማለት ክልክል ነው የሚለው ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሲስተሙ ግንኙነቱን ሲሰጥ ካርዱ ሁሉንም በእጁ ይዞ፣ የያዘውን መልሶ አሳይቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ተረክቤያለሁ» ይላል። እስከዚያ ድረስ መሀል ላይ የመጣ መልእክት ሁሉ የሲስተሙ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ካርድ ከሚሠሩት ኩባንያዎች የአንዱ ድራይቨር ፈጣን እንዲመስል ገና ሲጠየቅ «ተረክቤያለሁ» እያለ ርክክቡን ከኋላ ያደርሰው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። ባልደረሰበት ጊዜ ግን መልእክቱ ከሁለቱም እጅ ይወድቃል፤ ሲስተሙ ካርዱ ጋ ነው ይላል፣ ካርዱ አላየሁም ይላል። በስብሰባ ላይ የካርዱ ሠሪዎች «እምብዛም አያጋጥምም» አሉ። እሱ በእንግሊዝኛ በጨዋ ደንብ መለሰላቸውና ማይኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አቦ፣ ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። ሳይዙ ይዘናል ካሉ ግን ከዚያ በኋላ ከሚናገሩት የቱን ልመን?»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አልኩት።

ሳቀ፤ ደንቡን ግን አላላላም። ካርዱ በአፉ ሳይሆን በሥራው ይመሰክራል፣ ሲስተሙም ጠይቆ ያረጋግጣል። ሰዎቹ ለብዙ ጊዜ አኮረፉ፤ እሱ ግድ አልሰጠውም።

ፊቱ ማበጥ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ሙቀቱ ነው አልን፤ ድሬ ላይ ሁሉም ነገር በሙቀቱ ይሳበባል። እግሩ ጫማ እምቢ ሲለው በነጠላ ጫማ መምጣት ጀመረ፤ እሱንም ሙቀቱ ነው አልን። በኋላ ነው ሐኪሙ ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ሁለቱንም ኩላሊቶቹን እንደጨረሰበት የነገረው። ጫቱን በዚያው ቀን ተወ። ለዲያሊሲስ ተራ ያገኘው ሐረር ነበርና መመላለስ ጀመረ። የመጀመሪያውን ቀን ጨርሶ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኩላሊቴን ለካርድ አስረከብኩ» አለኝ። እንዲህ ያለ ቀልድ የሚገባው ለሁለታችን ብቻ ነበርና ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ወደ ቤቱ ልትወስደው የመጣችው ሚስቱ አልሳቀችም።

ልጆቿ ትንንሾች ስለነበሩ ከእሱ ጋር ወደ ሐረር የምሄደው ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ እሱ ሹራቡን ይለብስና መስኮቱን ተደግፎ ይተኛል። አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው ጫጫታ ይቀሰቅሰዋል። «የድሮ ወዳጆቼ» ይላል እያያቸው። ማሽኑ ደሙን እየወሰደ እያጠራ ሲመልስለት መርፌ የሌለበት እጁ ነጻ ነው፤ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ትዕግሥቱ ሲያልቅ በአንድ እጁ ራሱ ይጽፍና ፊደል ሲስት በሶማሊኛ ይሳደባል። ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን «አሁን ገና ከተማችን ገባን» ይል ነበር።

ያን ጊዜ የምንነድፈው መመለሻውን ነበር። ካርድ ይበላሻል። ሲበላሽ የተሸከማቸው ግንኙነቶች አብረውት መሞት የለባቸውም፤ ሲስተሙ ምን ላይ እንደነበሩ ቀድሞ ካወቀ ወደ ራሱ ይመልሳቸውና እንዳልተቋረጡ ይቀጥላል። እኔ ካርዱ ተጠይቆ፣ የጀመረውን ጨርሶ ይመልስ እላለሁ። እሱ ደግሞ የሚሞት ነገር ጊዜ ስጡኝ አይልም፣ ሲስተሙ በየመሀሉ እየጠየቀ ይያዝ ይላል። በዚህ ስንጨቃጨቅ አንድ ቀን አጠገቡ ያለው ማሽን ጮኸ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ቱቦውን አስተካከለች፤ ታጥፎ ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም። እሱ ግን ዓይኑን ከቱቦው አላነሣም።

«እኔ ጋ መመለሻ የለም» አለ። «ይኼ እምቢ ቢል ኩላሊቴ ተቀብሎ አይቀጥልም።»

የጻፍኩትን አጠፋሁና እሱ እንዳለው አድርጌ ጻፍኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንዱን ኩላሊቴን ልሰጠው። እናቱ ስኳር አለባት። ታላቅ ወንድሙም እንደሱ የግፊት ሕመምተኛ ነው። የሚስቱ ደም አልገጠመም። የእኔ ገጠመ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ለመናገር አፍራለሁ፤ በሕይወቴ ለአንድ ነገር የተፈጠርኩ መስሎ የተሰማኝ ያኔ ብቻ ነው። እሱ መጀመሪያ አይሆንም አለ፤ ተቆጣሁት፣ እናቴም ተቆጣችው፣ በመጨረሻ እሺ አለ። ሚስቱ እጄን ይዛ ሳመችው። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቤቱ ሲስቅ አይተው ይዘሉ ነበር።

ንቅለ ተከላው ወደሚደረግበት ወደ አዲስ አበባ እናቴንም ይዘን ወጣን። ለጋሹ ዘመድ መሆን አለበት የሚለውን ሕግ እናውቅ ነበር። አንዳችንም አልፈራንም፤ ዘመድ ነና! እናቴን የወሰድናት ምስክር እንድትሆን ነው፤ የእሱ እናትም መርቃ ነው የሸኘችን። አሁን ሳስበው እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳት የድሬ ሰው ብቻ ነው። እኛ ጋ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሌላ ቦታ አላውቀውም የሚል ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም።

ለጉዳዩ የተቀመጡት ሐኪሞች «ምኑ ነሽ?» አሉኝ።

«እህቱ።»

መታወቂያችንን አዩ። የአባት ስም አይገጥም፣ የአያት ስም አይገጥም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና «ሁለቱንም ያጠባሁ እኔ ነኝ» አለች። አንዷ ሐኪም ብዕሯን አስቀምጣ በትሕትና ሰማቻት። «እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ» አለቻት፤ «ሕጉ የሚያውቀው ግን በደም ወይም በጋብቻ ነው።» ሰው ከችግር የተነሣ አካሉን እንዳይሸጥ የወጣ ሕግ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው፣ ዛሬም ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ። እናቴ ግን «ርቦት ሲያለቅስ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም» አለችና ተቀመጠች። በባቡር ስንመለስ ስትቆዝም ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ ከመስኮቱ ውጪ ያለውን ደረቅ መሬት እያየ ብቻውን ፈገግ አለ። «የራሴን ደንብ ነው የሠሩብኝ፤ በአፍ ብቻ አይታመንም» አለኝ። እኔ ፈገግ ማለት አልቻልኩም።

ሌላውን መንገድ ያሳየን ሕግ አዋቂ ነኝ የሚል የሰፈር ሰው ነው። በጋብቻ ከሆነማ ይቻላል አለ። ለእሱ ሁለተኛ ሚስት ሃይማኖቱ አይከለክለውም፣ እኔም ባል የለኝም፤ ኒካህ ይታሰርና ወረቀቱ ይውጣ። ወሬው ሚስቱ ጆሮ መድረሱን ያወቅሁት አንድ ጠዋት እሱ ከመግባቱ በፊት ከዚራ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ስትቆም ነው። ግቢ ብላትም አልገባችም።

«አግቢው» አለችኝ። «ወላሂ ከልቤ ፈቅጃለሁ። አግቢውና ስጪው። ልጆቼ አባት ይኑራቸው።»

እሺ አልኳት። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰድኩም።

እሱ ሲመጣ አብረን ነገርነው። ተራ በተራ አየን።

«እህቴን?» አለ።

«በወረቀት ብቻ ነው» አልኩት።

«ቃዲው በመካከላችሁ የጡት ዝምድና አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ምን ልበለው?»

«የለም በለው።»

«የለም ካልኩ እማ ያጠባችው ማንን ነው?»

እናቴን ማለቱ ነው። ሁለታችንም ሁለቱንም እናቶች እማ ነበር የምንላቸው። ሚስቱ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ግቢው ወጣች። ከአፌ ያልወጣ ነገር የለም። ግትር አልኩት፣ ልጆችህን የማትወድ አልኩት፣ ለካርድ ያወጣኸውን ደንብ ነፍስህ ላይ ትሠራበታለህ አልኩት። በእጄ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ከሰከስኩት። እሱ እንደ ወትሮው ጣሪያውን እያየ ጠበቀኝ። ጨረስሽ አላለም ግን። «ሐራም ነው አቦ» አለ በዝግታ። «ደግሞ እኔ ያለኝ እህት አንቺ ነሽ። ክጄሽ ተርፌ ምን ብዬ ልጠራሽ ነው?» ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረ፤ ያበጠው እግሩ እንደልቡ አላስጎነብስ ሲለው እኔም ወረድኩና አብረን ለቀምን።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከሥራ በቀር ቃል አልተነፈስኩለትም። እስከ ዛሬም ትክክል ነበር ማለት አይሆንልኝም። ሽማግሌዎቻቸው ያመሰግኑታል፤ እኔ አላመሰግነውም። በእሱ ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር። ዋሽቼ እኖራለሁ፣ ልጆቼንም አሳድጋለሁ፤ የእሱ አላህም የእኔ እግዚአብሔርም ይቅር ይሉኝ ነበር። ባሕር ማዶ ሄዶ መታከሙ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ ደንገጎን መውጣትና መውረድ ብቻ ቀረ፤ ኩርፊያዬም በአንዱ መንገድ ላይ፣ እሱ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ሳላውቀው አለቀ።

የሞተው በክረምት ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው ድልድዩ ላይ ተደርድሮ ጎርፉን በሚያይበት ሰሞን። ማሽን ላይ አልነበረም። ቤቱ፣ ልጆቹ አጠገብ፣ ለሰላት እየታጠበ፣ ውዱእ እያደረገ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ፤ የኩላሊት ሕመም ሲቆይ ልብን ይጎዳል አሉ። ወንዶቹ በዚያው ቀን ወስደው ቀበሩት። እንደ ልማዳቸው ሴቶች ወደ መቃብር አይሄዱምና እኔም ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ። እናቱና እናቴ አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ማል ጎና» ትላለች እናቱ በኦሮምኛ፤ ምን እናደርጋለን፣ ምን እናደርጋለን። ከሩቅ የመጣች አንዲት ዘመዳቸው ነጠላ የለበሰችውን እናቴን አየችና ቀስ ብላ «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«እናቱ ናት» አለች እናቱ።

የባሕር ማዶዎቹ የሐዘን መልእክት ላኩ። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ የእሱን ድርሻ ማን እንደሚረከብ ጠየቁ፤ እኔ አልኩ። የጻፈውን መስመር በመስመር ሳነብ ወራት አለፉ። አንዳንዱ ቦታ ስሕተት አገኛለሁ፤ ያኔ ተነሥቼ ልጮህበት ወደ ወንበሩ እዞራለሁ። ያ ካርድ ሠሪም በመጨረሻ ድራይቨሩን አስተካክሎ ላከ፤ መሀል ላይ መልእክት እየላክሁ ደጋግሜ ፈተንኩት፣ አንድም አልጣለም። ደንቡ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ዛሬ የማናውቃቸው አገሮች ውስጥ በሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ክፍሉን አለቀቅሁም። ቀትር ላይ ብቻዬን ፍራሹ ላይ ጋደም እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ስለሌለ ብዙ ነገር ቶሎ እወስናለሁ፣ ብዙውንም ጠዋት አፈርሰዋለሁ።

ባለፈው ወገቤን ሲያመኝ ሰነበተና ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አዩኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከተማው ውስጥ አዲስ ሳይሆን አይቀርም፣ ስለእኔ ምንም አያውቅም። ወገቤ ከመቀመጥ ብዛት የመጣ ነው አለኝ። «እኔ የፈራሁት ኩላሊት ነበር» አለ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችሽ በጣም ጤነኛ ናቸው።» አመስግኜው ወጣሁ። እስከ በሩ ድረስ ደህና ነበርኩ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ግን ለቅሶው አሸነፈኝ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ሾፌሩ ከክሊኒክ ስወጣ አይቶኛልና ክፉ ውጤት የተነገረኝ መሰለው። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ዞር አለልኝ።

«አይዞሽ እህቴ» አለኝ፤ «አላህ ያሽርሽ።»

አሜን አልኩት።